የሻይ ሥር የቱን ናይትሮጅን ይመርጣል? የባልዲ ሙከራ ማስታወሻ

መጋቢት፦ ዕቃ መሰብሰብ

ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ጓሯችን አነስተኛ የሻይ ማሳ አለን። በየዓመቱ ዩሪያ እንበትንበታለን። ከረጢቱ ላይ 46 በመቶ ናይትሮጅን ይላል። የሻይ ሥር ግን ናይትሮጅንን በደፈናው አይወስድም። የሚወስደው ናይትሮጅን ያለባቸውን የተለያዩ ውህዶች ነው፦ አሞኒየም ነው፣ ናይትሬት ነው፣ በጥቂቱም ዩሪያና አሚኖ አሲድ ነው።

ሻይ ከእነዚህ ውስጥ አሞኒየምን እንደሚያስቀድም የታወቀ ነው። ተክሉ የመጣው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በሰሜን ምያንማርና በአሳም ዙሪያ ካለው እርጥብና አሲዳማ የደን አፈር ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ። አሞኒየሙ እንዳለ ይቆያል፣ ሥሩም እሱኑ ለመደ። እኔ የፈለግኩት ችግኞችን በአፈር ፋንታ ንጥረ ነገር በተበጠበጠበት የባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድጌ ይህን በራሴ ችግኝ ላይ ማየት፣ ከዚያም ለማሳው የትኛውን ማዳበሪያ መቼ እንደምሰጥ መወሰን ነው።

ዕቃው ይህን ይመስላል። ጥቁር ባለ ክዳን ባልዲ፣ አንዱ 220 ብር። ለዓሣ ማሳያ የሚሸጥ ባለ ብዙ ቀዳዳ የአየር ፓምፕ፣ 2,800 ብር። ፒኤች ሜትር (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከነማስተካከያ ፈሳሹ 3,500 ብር፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው፣ ግን ያለ እሱ ይህ ሥራ አይሠራም። የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን፣ 1,200 ብር። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የናይትሬት ጠብታ መመርመሪያ አዲስ አበባ ፈልጌ ስላጣሁ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ መጣ። የዓሣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ለእኛ ሥራ በቂ ነው።

ጨዎቹን ለአበባ እርሻዎች ግብዓት ከሚያቀርቡ ነጋዴዎች አካባቢ በኪሎ የሚቸረችር ሰው አገኘሁ። ናይትሬቱን ከካልሲየም ናይትሬት መውሰድ ይቀል ነበር። ነገር ግን ለማዳበሪያ የሚሸጠው ካልሲየም ናይትሬት ከ1 በመቶ በላይ አሞኒየም ናይትሮጅን አለበት። ሁለቱን ለማነጻጸር ለሚፈልግ ሰው ይህ ጣጣ ነው። ስለዚህ ፖታሲየም ናይትሬት ገዛሁ።

መጋቢት መጨረሻ፦ ብጥብጡ

ውሃው የዝናብ ነው። የጉድጓድ ውሃችን ባይካርቦኔት ስላለበት ፒኤቹን ወደ ላይ ይጎትታል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ደግሞ ዚንክ ይዞ ይመጣል። በላስቲክ ሸራ አጠራቀምኩ።

ለአንድ ሊትር የለካሁት ይህ ነው፦ አሞኒየም ሰልፌት 0.1 ግራም፣ ፖታሲየም ናይትሬት 0.15 ግራም፣ ዩሪያ 0.045 ግራም። ክብደታቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም በሊትር 21 ሚሊግራም ያህል ናይትሮጅን ይሰጣሉ። ለ10 ሊትር ባልዲ በ10 ማባዛት ነው። አራተኛው ባልዲ ግማሹ አሞኒየም፣ ግማሹ ናይትሬት ነው።

ፖታሲየም ናይትሬት ፖታሲየምም ይዞ ስለሚመጣ፣ ለሌሎቹ ባልዲዎች ያንኑ ያህል በፖታሲየም ሰልፌት ጨመርኩ። አለበለዚያ ልዩነቱ ከናይትሮጅን ይምጣ ከፖታሲየም አይታወቅም። ካልሲየሙን ከጄሶ አገኘሁ፤ ጄሶ እንደ ኖራ ፒኤች ከፍ አያደርግም። ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ኬሌት የሆነ (በውሃው ውስጥ ሟሙቶ እንዲቆይ የተዘጋጀ) ብረትና የጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ድብልቅም ገብቷል።

አሉሚኒየምም ጨምሬያለሁ። ብዙ ሰብል የሚመረዝበት አሉሚኒየም ለሻይ ሥር ይስማማዋል፤ በጥቂቱ ሲያገኝ ሥሩ እንዲያውም ይበረታል። ውሃ ለማጣራት የሚጠቀሙበትን አሉሚኒየም ሰልፌት ወሰድኩ። ግን ከፎስፎረሱ ጋር አንድ ላይ ስጨምረው ባልዲው ደፈረሰ፣ ነጭ ዝቃጭ ከታች ተኛ። ሁለቱ ተያይዘው ወርደዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፎስፎረሱን ለብቻው በየተራ መስጠት ጀመርኩ፣ ድፍርሱም ቀረ።

ሚያዝያ፦ ችግኝ ከአፈር ወደ ውሃ

ችግኞቹ ባለ አንድ ቅጠል ቁራጭ ተተክሎ የበቀሉ ናቸው፣ ሁሉም ከአንድ እናት ተክል። በፕላስቲክ ውስጥ የነበረውን ቀይ አፈር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ በቀስታ አጠብኩት። የሻይ ሥር የሚሰባበር ነው፤ ፀጉሩም እምብዛም ስለሆነ የተቆረጠች እያንዳንዷ ጫፍ ዋጋ አላት።

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ናይትሮጅን በሌለው ቀጭን ብጥብጥ ውስጥ አቆየኋቸው። ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ፣ በመጨረሻ ሙሉ ልክ። በአንዴ ሙሉ ብጥብጥ ውስጥ የገቡት ጥቂቶች ቅጠላቸውን አራገፉ። ነጭ አዲስ የሥር ጫፍ እስኪታይ ድረስ ምንም መለካት አይቻልም፤ አሮጌው ቡናማ ሥር እምብዛም አይስብም።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። አንድ ሌሊት ሙሉ ሲጠፋ በነጋታው ሥሩ ዝልግልግ ይላል፣ ባልዲውም ይሸታል። በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ ጨመርኩ፣ የውሃውንም ከፍታ ዝቅ አድርጌ የላይኛው ሥር አየር እንዲያገኝ አደረግኩ። ይህ ሁለተኛው ነገር ምንም ወጪ የለውም፣ ከፓምፑም ይልቅ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ለማነጻጸሪያ ቲማቲምም አስገባሁ፣ አንዱን አሞኒየም ብቻ፣ አንዱን ናይትሬት ብቻ።

ግንቦት፦ ፒኤቹ አልቆም አለ

ሁሉም ባልዲ በ5.0 ነው የጀመረው። የአሞኒየሙ በየቀኑ ይወርዳል፣ ካልነኩት ከ4 በታች ይገባል። የናይትሬቱ ይወጣል፣ 6ን ያልፋል። ግማሽ በግማሽ የሆነውም ይወርዳል፣ ግን በዝግታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥር ሕዋስ ውስጡ ከውጭው አንጻር ኔጋቲቭ ነው። አሞኒየም ፖዘቲቭ ስለሆነ በማጓጓዣ ፕሮቲኑ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። ሥሩም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሃይድሮጅን አዮን (አሲድ የሚያደርገውን ፖዘቲቭ ቅንጣት) ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዙሪያው አሲድ ይሆናል። ናይትሬት ግን ራሱ ኔጋቲቭ ነው። እንዲሁ አይገባም፤ ሃይድሮጅን አዮኖችን ታክኮ ነው የሚገባው። ሲገባ ከውጭ ያለው አሲድ ይቀንሳል፣ ፒኤች ይወጣል። ማለትም ፒኤች ሜትሩ ሥሩ ምን እየበላ እንደሆነ ይናገራል። የጠብታው መመርመሪያ ከመምጣቱ በፊት እንኳን ይህን ያህል ማወቅ ይቻል ነበር።

ማስተካከያው፦ ለማውረድ ያልተነካ አዲስ የባትሪ አሲድ በብዙ ውሃ የቀጠነ (ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው፣ ውሃውን ወደ አሲዱ በጭራሽ)፣ ለማውጣት ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙት ኮስቲክ ሶዳ፣ እሱም የቀጠነ። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ሲትሪክ አሲድም ሞክሬ ነበር። ለጊዜው ያወርዳል፣ ግን ተህዋስያን ይበሉትና ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል፣ ባልዲውም ይዝለገለጋል።

የዩሪያው ባልዲ ግራ አጋባኝ። መጀመሪያ ፒኤቹ ወጣ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። በአሞኒያ መመርመሪያው ሳየው አሞኒየም አለበት። ዩሬዝ የተባለው ኢንዛይም በተህዋስያንም በሥሩም ላይ ስላለ ዩሪያውን ወደ አሞኒየም ሰባብሮታል። ያ ምላሽ ፒኤች ያወጣል፣ ቀጥሎ ሥሩ አሞኒየሙን ሲስብ ደግሞ ይወርዳል። እንግዲህ በባልዲ ውስጥ ዩሪያን በዩሪያነቱ ለማቆየት አልተቻለም። ለማሳው ግን ይህ መልካም ዜና ነው፤ ርካሹ ዩሪያ ውሎ አድሮ ሻዩ የሚፈልገውን አሞኒየም ይሆናል።

ግንቦት መጨረሻ፦ ቀለሙ

ከዚህ ሥራ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ብሮሞክሬሶል ፐርፕል የተባለ ቀለም ሰጡኝ። ከ5.2 በታች ቢጫ ነው፣ ከ6.8 በላይ ወይን ጠጅ። አጋር (ከባሕር አረም የሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ነገር) አፍልቼ ቀለሙንና ናይትሮጅኑን ጨመርኩ፣ ፒኤቹን 6 አደረግኩ። ሲቀዘቅዝ፣ ሊረጋ ሲል፣ የችግኙ ሥር በተዘረጋበት ትሪ ላይ አፈሰስኩት። ሞቅ ያለ ከሆነ ሥሩን ያቃጥላል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይጓጉላል። በላስቲክ ሸፍኜ ጨለማ ውስጥ አኖርኩት።

በነጋታው የአሞኒየሙ ትሪ ላይ እያንዳንዷ ነጭ ጫፍ ዙሪያዋ ቢጫ ሆኗል። ቢጫው በወጣቱ ሥር ሁለት በኩል እንደ ጠባብ ጥለት ይሄድና ቡናማው አሮጌ ሥር ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ሥሩ ለሁለት በተከፈለበት ቦታ ሁለቱ ቢጫዎች ተገናኝተው ሰፋ ያለ ነጠብጣብ ሠርተዋል። የናይትሬቱ ትሪ ላይ ከሥሩ ጥግ ያለው ቀለም ይበልጥ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ ግን ፈዘዝ ያለ ነው፣ ጫፎቹ ላይም እንደ አሞኒየሙ አይለይም። ፎቶ ለማንሳት ከሥር ነጭ ወረቀት አድርጉበት።

ማዳበሪያ ስንበትን ማሳውን ሁሉ የምንመግብ ይመስለናል። ሥራው ያለው ግን ከጫፏ ዙሪያ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ነው።

ሰኔ፦ ከጠርሙሱ ምን ያህል ቀነሰ

አሁን ልኬት። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ፣ በውስጡ አሞኒየምና ናይትሬት እኩል በእኩል። በየተወሰነ ሰዓቱ ጥቂት ሚሊሊትር በሲሪንጅ አውጥቼ በጠብታ መርምሬያለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዱ መመርመሪያ የሚያነበው የአዮኑን ክብደት ነው፣ አንዳንዱ የናይትሮጅኑን ብቻ። 21 ሚሊግራም ናይትሮጅን በአሞኒየም መልክ 27 ሚሊግራም ነው፣ በናይትሬት መልክ 93 ሚሊግራም። ሁለቱን ቁጥር እንዲሁ ማወዳደር አይቻልም። ሁሉንም ወደ ናይትሮጅን ቀይሬ ነው የመዘገብኩት።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። አሞኒየሙ በፍጥነት ወረደ፣ መመርመሪያው ቀለም እስከማይሰጥ ድረስ። ናይትሬቱ በዚያ ጊዜ ሁሉ ብዙም አልተነቃነቀ፤ መቀነስ የጀመረው አሞኒየሙ ካለቀ በኋላ ነው። ናይትሬት ብቻ ባለበት ጠርሙስ ግን ሥሩ ከመጀመሪያው ወስዷል፣ ከአሞኒየሙ ቀስ ብሎ እንጂ። ስለዚህ ሻይ ናይትሬት መውሰድ ይችላል። አሞኒየም አጠገቡ ካለ ግን የናይትሬቱ መግቢያ ይታፈናል። ይህ በብዙ ተክል የሚታይ ነው፣ ሻይ ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል።

ችግኝ የሌለበት ጠርሙስ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ በባዶው ጠርሙስም አሞኒየም መቀነስ ጀመረ። ባክቴሪያ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት ሲቀይር መሃል ላይ የሚሠራውን ናይትራይት ስመረምር አለ። ግድግዳው ላይ ባክቴሪያ ሰፍሮ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱንም ቱቦውንም በበረኪና እያጠብኩ፣ በደንብ እያለቀለቅኩ ነው ልኬት የምጀምረው። ልኬቱም አጭር ይሁን፣ ከአንድ ሁለት ቀን አይለፍ።

ሐምሌ፦ ቅጠሉና ሥሩ

ናይትሬት ብቻ ያለበት ሻይ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ። ይህ የብረት እጥረት መልክ ነው። ፒኤች ሲወጣ ሥሩ ብረት በቀላሉ አያገኝም። ፒኤቹን 5 ላይ ጠብቄ ስይዘው አረንጓዴው በከፊል ተመለሰ፣ እድገቱ ግን ከአሞኒየሙ አልደረሰም። ቀሪው ምክንያት በውስጡ ያለው ሥራ ነው። ናይትሬት ከገባ በኋላ ወደ አሞኒየም መለወጥ አለበት፣ ለአንዱ ናይትሬት 8 ኤሌክትሮን ይፈጃል፣ ሞሊብዲነም የተባለውን ጥቃቅን ንጥረ ነገር የሚፈልግ ኢንዛይምም ያስፈልጋል። አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ሞሊብዲነም ለሥር በቀላሉ አይገኝም።

ቲማቲሙ ተቃራኒ ነው። በናይትሬት ለምልሟል። በአሞኒየም ብቻ የበቀለው ቀጨጨ፣ ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ሥሩ አጭርና ቡናማ ሆነ። አንድ ዓይነት ብጥብጥ፣ አንድ ዓይነት ውሃ! ጎረቤቶቼ ሲመጡ መጀመሪያ የማሳያቸው እነዚህን ሁለት ባልዲዎች ነው።

ሻይ ለምን አይመረዝም? አሞኒየም በሕዋስ ውስጥ ሲጠራቀም ለሁሉም ተክል መርዝ ነው። የሻይ ሥር ግን አያጠራቅመውም። ግሉታሜት ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር አዋህዶ ግሉታሚን ያደርገዋል። ከዚያ አልፎ ሌላ ተክል እምብዛም የማይሠራውን ቴአኒን ይሠራል፣ ከግሉታሜትና ከኤቲላሚን። ኤቲላሚኑ የሚመጣው አላኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ነው። ቴአኒኑ በአብዛኛው እዚያው ሥር ውስጥ ይሠራና ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል። ከቅጠሉ ነጻ አሚኖ አሲዶች ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ጃፓኖች ጥላ ሥር የሚያሳድጉት ጊዮኩሮ ሻይ ያ ለስላሳ ጣዕሙ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ ጥላው ቴአኒኑ ካቴኪን ወደ ተባለው መራራ ነገር እንዳይለወጥ ያዘገየዋል። የምንጠጣው ጣዕም ከፊሉ መሬት ውስጥ እንደሚሠራ ሳስብ፣ ለሥር የምናደርገው ጥንቃቄ ያንሳል እላለሁ።

ይህ ማለት ግን አሞኒየም በገፍ ይሰጥ ማለት አይደለም። የአሞኒየሙን ብጥብጥ በጥቂት ችግኞች ላይ ብዙ እጥፍ አድርጌው ነበር። የሥሩ ጫፎች ጠቆሩ፣ ፒኤቹም በአንድ ሌሊት ተንኮታኮተ። ጃፓን ውስጥ በሺዙኦካ በሄክታር ከ1,000 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ይጨመር የነበረበት ዘመን ነበር፤ አፈሩ ከልክ በላይ አሲድ ሆነ፣ ናይትሬቱም ወደ ወንዝና ኩሬ ገባ። እኛ እንደምንሠራው ላለ ጥቁር ሻይ ደግሞ ናይትሮጅን ሲበዛ ጥራቱን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም።

ነሐሴ፦ ወደ አፈር

ባልዲ ማሳ አይደለም። ከማሳችን የወሰድኩትን ቀይ አፈር (ፒኤቹ 5 አካባቢ) ከታች ቀዳዳ ባላቸው ማሰሮዎች ሞላሁ። ለአንዱ አሞኒየም ሰልፌት፣ ለአንዱ ዩሪያ፣ ለአንዱ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ናይትሮጅኑ እኩል። ከሥር የሚወርደውን ውሃ እያጠራቀምኩ መረመርኩ።

የናይትሬቱ ማሰሮ የመጀመሪያው ዝናብ እንደወረደበት መመርመሪያውን ደማቅ ቀይ አደረገው። ከአሞኒየሙ ማሰሮ የወረደ ነገር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ ሸክላው አፈር አሞኒየሙን ይዞታል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ከአሞኒየሙም ከዩሪያውም ማሰሮ ናይትሬት መውረድ ጀመረ። አሲዳማ አፈር ባክቴሪያዎቹን ያዘገያል እንጂ አያቆማቸውም። እንደ ካፋ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማዳበሪያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከበተንከው ሥሩ ሳይደርስበት ግማሽ መንገድ ላይ ናይትሬት ሆኖ ይሄዳል።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት መጥተው «ለባቄላው ኖራ በትኑ ተብለን በትነናል፤ የተረፈውን ሻዩ ላይ ላድርገው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሻዩ ላይ እንዳያደርጉት» አልኳቸው። ኖራ ለባቄላ፣ ለስንዴና ለገብስ መድኃኒት ነው። ሻይ ላይ ግን ፒኤቹ ከ5.5 እያለፈ ሲሄድ ባክቴሪያዎቹ ይነቃሉ፣ አሞኒየሙ ቶሎ ናይትሬት ይሆናል፣ ብረቱም ይሸሻል። ቢጫውን ችግኝ አሳየኋቸው። ምንም ተጨማሪ ማስረዳት አላስፈለገም።

በሌላ በኩል አፈሩ ከ4 በታች እስኪወርድ ዝም ማለትም አይገባም። አሞኒየም ሰልፌት ከዩሪያ ይልቅ የአፈሩን አሲድነት ያብሳል። ስለዚህ የእኛ አፈር ካለበት አንጻር ዩሪያ ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ። በናይትሮጅን ስናሰላውም ርካሽ ነው፣ የዩሪያው 46 በመቶ ከአሞኒየም ሰልፌቱ 21 በመቶ ጋር። ነገር ግን ላይ ላዩን የተበተነ ዩሪያ በፀሐይ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ወይ በአፈር መሸፈን፣ ወይ ቀላል ዝናብ ሲጀምር መስጠት ነው።

ጳጉሜን፦ አሁን ያለሁበት

የማሳውን ዩሪያ በአንድ ጊዜ መበተን ትቻለሁ። ትንሽ ትንሽ እየከፋፈልኩ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጌ ጥልቀት በሌለው ቦይ ውስጥ እየሸፈንኩ ነው። ከባድ ዝናብ ባለበት ሳምንት አልሰጥም። የተገረዘውን ቅጠልና ቅርንጫፍም ከማሳው አናወጣም፣ እዚያው ይበሰብሳል።

ቀጣዩ ፋጉሎ ነው። በቻይናና በጃፓን የጎመን ዘር ፋጉሎ ለሻይ ማዳበሪያ ይሰጣል። እኛ ጋ ያለው የኑግ ፋጉሎ ነው፣ 5 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን አለው። ሲበሰብስ መጀመሪያ አሚኖ አሲድ፣ ከዚያ አሞኒየም ይለቃል። የሻይ ሥር አሚኖ አሲድንም በቀጥታ የሚስብበት ማጓጓዣ አለው፤ ምን ያህሉ በዚያ በኩል እንደሚገባ ግን በጠብታ መመርመሪያ መለየት አይቻልም። ከባድ ናይትሮጅን፣ 15 የሚባለው፣ እና እሱን የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ የምለካው የቅጠሉን ምርትና ከማሰሮው ሥር የሚወርደውን ናይትሬት ብቻ ነው።

ችግሩ ዋጋው ነው። ፋጉሎውን የከብት አድላቢዎች ይሻሙበታል። ለጊዜው ለሁለት መስመር የሚበቃ ብቻ ገዝቻለሁ። አንዱን መስመር ፋጉሎ ብቻ፣ ሌላውን ግማሽ ፋጉሎ ግማሽ ዩሪያ፣ ከጎናቸው ያለውን ዩሪያ ብቻ አድርጌ መስከረም ላይ እጀምራለሁ።